ስልክ እያለ ዜኒት ምን ያደርጋል?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ ስልክ እያለ ዜኒት ምን ያደርጋል?» ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

እዚህ ሰንበቴ አካባቢ በአንድ ቤት ሣጥን ውስጥ የእጅ ጽሑፍ አለ። ቁመቱ 15፣ ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከፊሉ ዓረብኛ፣ ከፊሉ ዓጀሚ ነው። ዓጀሚ ማለት የአገራችንን ቋንቋ በዓረብኛ ፊደል መጻፍ ነው፤ ሸኽ ጦልሓ ጃዕፈር በአማርኛ የገጠሙት በዚሁ መንገድ ነው። ምስጥ ጠርዙን ጀምሮታል።

ባለቤቱ አዛውንት ስልክ አልፈቀዱም። «ጧት ታነሳዋለህ፣ ማታ አገር ያየዋል። ይሄ የአባቴ ዱዓ ነው፣ የእሁድ ገበያ ዕቃ አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በፊልም ግን ተስማማን። ታጥቦ ሲመጣ ኔጌቲቩ እሳቸው ሣጥን ይገባል፣ እኔ ጋ የሚቀር የለም።

አሁን ወደ ዕቃው። የዜኒት-ኢ 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከግማሽ ሜትር በታች ጠርቶ አያይም። በዚያ ርቀት አንድ ገጽ ከፊልሙ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው ማራዘሚያ ቀለበት የሚያስፈልገው። ቀለበቱ በካሜራውና በሌንሱ መሀል የሚጠመዘዝ ባዶ ብረት ነው፤ መስታወት ስለሌለው ዋጋው ከልዩ ሌንስ ጋር አይወዳደርም። ሦስት ናቸው፦ 7፣ 14 እና 28 ሚሊ ሜትር። በ7ቱ አንድ ገጽ ፊልሙን ይሞላል። በ28ቱ ደግሞ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ቦታ ብቻ ስለሚነሳ የጠርዝ ላይ ማስታወሻ ሳይቀር ይነበባል።

ግን በነጻ አይደለም። ሌንሱ ከፊልሙ በራቀ ቁጥር ብርሃን ይቀንሳል። በ7ቱ ግማሽ ስቶፕ ያህል እጨምራለሁ፣ በ28ቱ ከእጥፍ በላይ። የዜኒት-ኢ ብርሃን መለኪያ በሌንሱ ውስጥ ስለማያይ ይህን አይነግራችሁም፤ ራሳችሁ ማስላት አለባችሁ። ጥራቱም ስስ ስለሚሆን ሌንሱን 8 ላይ አደርገዋለሁ። ካሜራው በትሪፖድ ይቆማል፣ እጄ እንዳያንቀጠቅጠው በራሱ ሰዓት ቆጥሮ ያነሳል። ፍላሽ የለም፣ ቀጥታ ፀሐይም የለም፤ የበረንዳ ጥላ ይበቃል።

አንድ ዘዴ ልጨምር። መጽሐፉ ከመቀመጡ በፊት ጣውላው ላይ ትንሽ መስታወት አስተኙ። በመመልከቻው ስታዩ ሌንሱ ራሱን ልክ መሀል ላይ ካየ ካሜራው አልተጣመመም ማለት ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና ማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ያህል የእጅ ጽሑፎችን በፊልም ቀድቷል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ዓመታት ደክመዋል። እነዚያ በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ናቸው። በየቤቱ ሣጥን ያለው ዓጀሚ ግን ያለው አንድ ቅጂ ነው፤ እሱን ምስጥ ከበላው በቃ።

የኛ መጽሐፍ 108 ገጽ ነው። ጥራዙ ስለደረቀ ሁለት ገጽ ባንዴ መዘርጋት አይቻልም፤ ቢዘረጋ ጀርባው ይሰበራል። ስለዚህ ለአንድ ገጽ አንድ ምት። የመጀመሪያው ፊልም 36ቱን ገጽ ይዞ ታጥቦ መጥቶ ሣጥን ገብቷል። 72 ይቀራል። ፊልም በእጄ የለም፣ ምስጥ ደግሞ ደሞዝ እስኪወጣ አይጠብቅም። በመሳቢያችሁ ያልተነካ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያላችሁ፣ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን አሳውቁኝ፤ ሞክረን እናየዋለን።

እናንተም ቤት የአያት መጽሐፍ ካለ ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ በፕላስቲክ አታፍኑት፣ ፀረ ተባይ አትርጩበት። ለማስቀዳት ከቤት ማውጣት ግዴታ አይደለም፤ ካሜራው ይመጣል።

«ፎቶውን ለምን አልለጠፍከውም?» የምትሉኝ ካላችሁ፣ ከላይ ያለውን ድጋሚ አንብቡ።