አያት የተከሉት ቡና

ገና በደረሰ ቁጥር በቤታችን የሚነሣ አንድ ጥያቄ ነበር። «ዘንድሮስ የት ነው የምናከብረው?» ትላለች ባለቤቴ። መልሱን የምሰጠው እኔ ነበርኩ፤ መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ዘንድሮ እዚሁ አዲስ አበባ እናክብርና ለከርሞ ጌታ ቢፈቅድ ዱመርሶ እንሄዳለን።» ከርሞ ይመጣል፤ እኔም ደግሜ «ለከርሞ» እላለሁ። እንዲህ እያልን ሰባት ገናዎች አለፉ።

ዱመርሶ የባለቤቴ የትውልድ ቦታ ናት። በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋ ጨፌ በኩል የምትገኝ የገጠር ቀበሌ ስትሆን ስሟን ከእኛ ይልቅ የውጭ አገር ቡና ነጋዴዎች ሳያውቁት አይቀሩም፤ «ዱመርሶ» ተብሎ የተጻፈበት የቡና ከረጢት ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል። የአካባቢው ቡና ባሕር ሲሻገር እኔ ሻሸመኔን መሻገር አቅቶኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ምክንያቶቻችን እውነት ነበሩ። የተጋባነው በጥር 2009 ዓ.ም. ነው። የ2010ን ገና አዲስ ሙሽሮች ስለነበርን በእናቴ ቤት አከበርን። በዚያው ዓመት ከሚያዝያ ወር ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ ቦታዎች በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተፈናቀሉ። የባለቤቴ ወላጆች ቤትም በተፈናቀሉ ዘመዶች ተሞላ፤ በቀጣዩ ገና መንገዱን ፈርተን ቀረን። በ2012 የበኩር ልጃችን ገና የአራስ ቤት ሕፃን ነበር። በ2013 ኮሮና ነበር። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ምክንያቶች ግን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ እውነቱን ልናገር። ኮሮና በገባበት ዓመት ከሥራ ተቀንሼ ነበር። ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ሥራ የቤት ኪራይ ከፍሎ እምብዛም አያስተርፍም። በእኔ ግምት አንድ አማች ወደ ባለቤቱ ወላጆች ቤት ሲሄድ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ስኳር፣ የልጆች ልብስና በኪሱ ለአባት የሚሰጠው ጠቀም ያለ ገንዘብ ሊኖረው ይገባል። ባዶ እጄን ከምሄድ ብቀር ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ይህን ግን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። «ልጁ ጉንፋን ይዞታል፣ መንገዱ አያስተማምንም፣ ፈቃድ ከለከሉኝ» እያልኩ ማለፉን መረጥኩ። እርስዋም እየቆየች መጠየቅ ተወች። ዝምታዋን ስምምነት አድርጌ ቆጠርኩት።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም የአዲስ ዓመት ሰሞን የባለቤቴ አባት ስልክ ደወሉ። ሰላምታ ተለዋወጥንና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ የልጁ ቡና ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። መጥቶ ይልቀመው።» ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ከጎኔ ሆኖ ይሰማ የነበረው የአምስት ዓመት ልጄ ግን ገባው። «እኔ ቡና አለኝ እንዴ?» አለና ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነሣን።

ወደ ደቡብ

ታኅሣሥ 26 ቀን ገና ሳይነጋ ከቃሊቲ መናኸሪያ ተነሣን። ልጁ መስኮት በኩል ተቀመጠ፤ የሁለት ዓመቷ እኅቱ በእናቷ ጭን ላይ ተኛች። ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱን አልፈን ሻሸመኔ ስንደርስ ልጆቹ ደክመው ነበር። ከሐዋሳ በኋላ ግን መንገዱ ራሱ ያነቃል። በሲዳማ ምድር አረንጓዴው እየበረታ ይሄዳል፤ በየመንገዱ ዳር የተከመረው አናናስ ዲላ መቃረቧን ያበስራል። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን የዞኑ ዋና ከተማ ዲላ ስንገባ መሽቶ ነበር። በባለቤቴ አክስት ቤት አደርን።

አክስቷ እግራችንን ካሳጠቡን በኋላ ለልጆቹ ስለ ዲላ አንድ ታሪክ ነገሯቸው። በጌዴኦ ምድር ወንጌል የገባበትን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። ዶን ሪቻርድሰን የተባለው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ በዲላ የሚኖር ዋራሳ ዋንጌ የሚባል ሰው ጌዴኦዎች «ማጌኖ» እያሉ የሚጠሩት ፈጣሪ ራሱን እንዲገልጥለት ይጸልይ ነበር። ሁለት ነጫጭ እንግዶች በከተማዋ አጠገብ ባለ ትልቅ ሾላ ሥር ሲያርፉ በራእይ አየ። ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1948 የኤስ.አይ.ኤም. ሚስዮናውያን የሆኑት አልበርት ብራንትና ግሌን ኬን በአሮጌ የጭነት መኪና መጥተው በዚያው ዛፍ ጥላ ሥር ቆሙ።

«ዋራሳ ስንት ዓመት እንደ ጠበቀ አስቡት» አሉ አክስት። ከዚያ ዘወር ብለው እኔን አዩኝ። «የአንተም አማት በዛፍ ሥር እንግዳ ከጠበቁ ሰነበቱ።» ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ያን ሌሊት ብዙም አልተኛሁም።

የአትክልቱ አገር

በማግሥቱ በሚኒባስ ተሳፍረን በወናጎ በኩል ወደ ላይ ወጣን። የጌዴኦ ምድር እንደ ሌላው የአገራችን ገጠር እርሻው ለብቻ፣ ደኑ ለብቻ አይደለም። ከላይ ዋንዛና ብርብራ ጥላውን ይጥላሉ፤ ከሥራቸው እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ይዘረጋል፤ በእነርሱ መካከል ቡናው ይበቅላል። ቤቱም በዚያው ውስጥ ነው፤ ጭሱን ካላያችሁ ቤት መኖሩን አታውቁም። በአገራችን ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ይህ ሆኖ ሳለ ዛፉ አለመመናመኑ ያስደንቃል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰሞኑ የቡናው መልቀሚያ ማብቂያ ነበር። የታጠበው ቡና በእንጨት አልጋዎች ላይ ተሰጥቶ ሴቶች እየዞሩ ያገላብጡታል። ባለቤቴ ሽታውን ስትስብ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህንን ሽታ ነፍጌያት እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

አባቷ ከአጥሩ በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ትከሻቸው ጎብጧል፤ ከሠርጋችን ጊዜ ይልቅ አጥረው ታዩኝ። በፌስታል ያንጠለጠልኩትን አንድ ጋቢና አንድ ነጠላ ልሰጣቸው ስዘረጋ አላዩትም። ልጁን ብድግ አድርገው አቀፉት፤ ቀጥለው ልጅቷን፤ ቀጥለው እኔን። ጋቢው ከነፌስታሉ ሣር ላይ ወደቀ፤ እስከ ማታ ያስታወሰው ሰው አልነበረም።

ቡና ሳንጠጣ፣ ሳንቀመጥ ልጁን በእጁ ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱት። እኛም ተከተልናቸው። ከአንድ ዋንዛ ሥር በደንብ የተኮተኮተ አንድ የቡና ተክል አለ፤ ዙሪያው ያሉት ሁሉ ተለቅመው እርሱ ብቻ ቀይ ፍሬውን እንደ ያዘ ቆሟል። ከፍሬው ከፊሉ እዚያው ዛፉ ላይ መድረቅ ጀምሯል። «አንተ በተወለድህበት ክረምት ለአንተ የተከልኩት ነው» አሉት። «ይኸኛው ትንሹ ደግሞ የእኅትህ ነው።»

ከዚያም ወደ ቤት ገብተው ከቆጡ ላይ አንዲት ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አወረዱ። ውስጧ ጥቂት እፍኝ የደረቀ ጀንፈል ነበረባት። «ዓምና መጀመሪያ ያፈራው ይኸ ነው። ከሌላው ጋር ቀላቅዬ ልሸጠው ብዬ ነበር። ግን የእኔ አይደለም፤ ባለቤቱ እስኪመጣ አስቀመጥኩት።»

ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ የምይዘው አጥቼ ስቀር፣ እኚህ ሰው ለልጄ የሚሰጡትን ይዘው ዓመት ጠብቀዋል።

ያን ሌሊት

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ከቤቱ ደጅ ተቀመጥን። እውነቱን በሙሉ ነገርኳት፤ ጉንፋኑ፣ መንገዱ፣ ፈቃዱ ሁሉ ሰበብ እንደ ነበር፣ ያሳፈረኝ ባዶ እጄ እንደ ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በኋላም፣ «እኔኮ ቤተሰቦቼን የናቅህ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «የገጠር ሰዎች ስለሆኑ ያፈርህባቸው መስሎኝ አራት ዓመት በልቤ ይዤው ኖርኩ። ስጸልይ እንኳ ለእግዚአብሔር እንጂ ለአንተ መናገር አልቻልኩም።»

ይህ ቃል ወጋኝ። እኔ ክብሬን የጠበቅሁ ሲመስለኝ የእርስዋን ልብ እያቆሰልኩ ኖሬአለሁ። ይቅርታ ጠየቅኋት። ወዲያው «ይቅር ብዬሃለሁ» አላለችኝም። «ለአባዬም ንገረው» አለችኝ። በዚያው ተንበርክከን አብረን ጸለይን፤ እንዲህ አብረን ከጸለይን ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር።

ጠዋት ላይ አባባ እንሰታቸው መካከል ሳሉ ሄጄ ነገርኳቸው። ሥራቸውን ሳያቆሙ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። «ልጄ፣ ጋቢ ማን ጠየቀህ? ጋቢማ አለኝ» አሉኝ። ትንሽ ቆየት ብለው ደግሞ፣ «በመከራው ጊዜ ሰዎች ሌሊት በዚህ በር የገቡት ባዶ እጃቸውን ነው። አንዱንም ምን ይዘህ መጣህ አላልኩትም። አንተን እንዴት እላለሁ?» አሉ።

የገና ዕለት

በዋዜማው ማታ በቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም ነበረ። ሕፃናት ተራ በተራ እየወጡ ስለ ጌታ ልደት ያጠኑትን አቀረቡ፤ መዘምራኑ በጌዴኡፋና በአማርኛ ዘመሩ። ሰባኪው ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሲያስተምሩ ዮሴፍ ነፍሰ ጡር የነበረችውን ማርያምን ይዞ ከናዝሬት ወደ ወገኖቹ ከተማ መሄዱን አነሡ። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! የመጀመሪያው ገና የቤተሰብ ጉዞ እንደ ነበረበት ግን ልብ ብዬ አላውቅም። ያውም ድሀ ቤተሰብ ነበር። በዚያው ምዕራፍ ወላጆቹ ሕፃኑን ወደ ቤተ መቅደስ ሲወስዱት ያቀረቡት ጠቦት አልነበረም፤ አቅም ያጣ ሰው የሚያቀርባቸውን ወፎች ነበር። በእጃቸው ማነስ አፍረው ከመንገድ አልቀሩም።

በበዓሉ ቀን ጎረቤት ተባብሮ የገዛው በሬ በቅርጫ ተከፋፈለ። ቆጮው፣ አይቡ፣ ጎመኑ ቀረበ። ከሰዓት በኋላ የባለቤቴ እናት ያችን ከረጢት አመጡና ጀንፈሉን በሙቀጫ ወቅጠው፣ ገለባውን አበጥረው ቆሉት። አቦሉ ሲቀዳ የመጀመሪያው ስኒ ለልጁ ይሁን ተባለ። አንዴ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደና «ይመራል!» አለ። አያቱ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ለባለትዳሮች

ከዚህ ጉዞ የተማርነውን ለእናንተም ይጠቅም እንደሆነ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ የበዓሉን ነገር በበዓሉ ሳምንት አትወስኑ። እኛ አሁን መስከረም ላይ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ገና በእርስዋ ወላጆች ዘንድ ከሆነ ፋሲካ በእኔ እናት ዘንድ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ይገለበጣል። እናቴ ያን ዓመት ያለ እኛ ስታከብር ማልቀሷን ሰምቻለሁ። አስቀድሜ ሄጄ ባስረዳት ኖሮ ይቀልላት ነበር።

ሁለተኛ፣ አቅማችሁን ለትዳር ጓደኛችሁ አትደብቁ። ለወላጆች የሚሰጠውን አብራችሁ ወስኑ፤ በየወሩ ጥቂት ጥቂት አስቀምጡ። ያላችሁት ትንሽ ከሆነ ትንሹን ይዛችሁ ሂዱ።

ሦስተኛ፣ ዝም ያለ ሰው ሁሉ ተስማምቷል አትበሉ። ባለቤቴ መጠየቅ ስትተው እኔ እፎይ ብዬ ነበር፤ እርስዋ ግን ብቻዋን ታለቅስ ነበር።

አራተኛ፣ ልጆቻችሁን ከአያቶቻቸው ጋር አገናኙ። ስልክ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጄ አያቱን በስልክ ሲያውቃቸው ድምፅ ብቻ ነበሩ። አሁን በሻካራ እጃቸው፣ በሳቃቸው፣ በቡናቸው ያውቃቸዋል።

ልንመለስ ስንነሣ ልጁ የራሱን ቡና ለቅሞ ጨርሶ ነበር፤ እሸቱ አንዲት ትንሽ ቅርጫት አልሞላም። አያቱ እንደ ዓምናው አድርቀው እንደሚያስቀምጡለት ቃል ገቡለት። የባለቤቴ እናት እንሰት ቅጠል ውስጥ የጠቀለሉልንን ቆጮ ሰጡን። ባለቤቴ መኪና ውስጥ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ እጄን ያዘችና፣ «ይቅር ብዬሃለሁ» አለችኝ።

የምትሄዱበት አገር የሚጠብቃችሁ ሰው ካለ፣ እጃችሁ እስኪሞላ አትጠብቁ። ጌታ መንገዳችሁን ያቅና፤ ቤታችሁንም ይባርክ።