የክሩ ርዝመት

ሰው ከወንድሙ ጋራ ሲቀያየም አስቀድሞ የሚያበጀው ምክንያት ነው። የእኔ ምክንያት የመንገድ ርቀት ነበረ። ታላቅ ወንድሜ በአሜሪካ፥ በዋሽንግተን አቅራቢያ ይኖራል። አባታችን ትቶልን ባለፈው ቤት የተነሣ ተጣልተን አራት ዓመት ሳንነጋገር ኖርን። ታሞ ሆስፒታል በገባ ጊዜም ዘመዶች «ምነው ሄደህ ብትጠይቀው?» ሲሉኝ «አገሩ ሩቅ ነው» እያልሁ አመልጥ ነበር። መልሱ ሐሰት አልነበረም፤ ስለዚህም ተመቸኝ።

ባለፈው ሐምሌ እናቴ «ለመሆኑ ታላቅህ ያለበት ምን ያህል ይርቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ርቀቱን በዓይኗ አይታ ትፈርድልኝ ይሆናል ብዬ የእኅቴ ልጅ የሚማርበትን ሉል አመጣሁ። ምድር ዙሪያዋ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዚያ ሉል ዙሪያ ደግሞ 40 ሳንቲ ሜትር ነበረ። እንግዲህ አንዱ ሳንቲ ሜትር 1,000 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። እናቴ ከእንዝርቷ ክር በጥሳ ሰጠችኝ፤ አንዱን ጫፍ በቦሌ፥ ሌላውን በዋሽንግተኑ በደለስ አየር ማረፊያ ላይ ይዤ ወጠርሁት።

እዚህ ላይ ያላሰብሁት ነገር ገጠመኝ። በግድግዳ በሚሰቀለው ካርታ ላይ በማስመሪያ ቢያሰምሩ መንገዱ በቻድ፥ በኒጄር፥ በማሊና በሞሪታንያ አድርጎ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። የተወጠረው ክር ግን ወደ ሰሜን ከፍ አለና በሱዳን፥ በሊቢያና በአልጄሪያ አልፎ፥ ስፔንንና ፖርቱጋልን አቋርጦ ወደ አትላንቲክ ገባ። ምድር ድቡልቡል ስለ ሆነች አጭሩ መንገድ የክሩ ነው፤ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በካርታው ላይ ቀጥ ብሎ የሚታየው ከዚህ በ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ካርታውን ይዤ ቀርቤ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባተረፍሁ ነበር!

በዚህም አላበቃሁም። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ነዳጅ ሞልቶ የከበደ አይሮፕላን ለመነሣት ይቸገራል። ወደዚያ ሲሄድም ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ይቃወመዋል። ስለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲበር በመካከል አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል፤ ሲመለስ ግን ሳያርፍ ይገባል። ይህን ሁሉ ለእናቴ በትጋት አስረዳኋት። የነዳጁንና የነፋሱን ነገር ያን ያህል ማብዛቴ ለራሴ ጥብቅና መቆሜ እንደ ነበረ አሁን ይገባኛል።

እርሷ ክሩን ከእጄ ወስዳ በሌባ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። ሁለት ዙር አልሞላም።

«ይችው ናት?» አለችኝ።

ዝም አልሁ።

«ሲመለስ ሳያርፍ ይገባል አላልህም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ጥራው።»

በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነበረ። በዚያ አገር በበጋቸው ወራት ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀሩ ገና ከጠዋቱ 2 ሰዓት መሆኑ ነው። ቁጥሩን የሰጠችኝ እናቴ ናት፤ እኔ ከደብተሬ ከፋቅሁት ቆይቼ ነበር። ወንድሜ ስልኩን አነሣ። ድምፄን በሰማ ጊዜ ጥቂት ዝም አለ፤ ከዚያም ቃሉ እየተንቀጠቀጠ «እማዬ ደኅና ናት?» አለኝ።