ከወረቀቱ በስተኋላ

በጭቃ በተመረጉት የአዲስ አበባ ቤቶች ጋዜጣ ሁለት ዕድሜ ነበረው፤ አንዱ በአንባቢ እጅ፣ ሌላው በግድግዳ ላይ። በ1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረው አዲስ ዘመን ስንቱን ቤት ከአቧራና ከብርድ እንደ ጋረደ የቆጠረ የለም። ማጣበቂያው በውኃ የተቀቀለ የስንዴ ዱቄት ነበር።

ላምበረት ባለው ቤታችን እናቴ በዓል በመጣ ቁጥር በአሮጌው ላይ አዲስ ትደርብ ነበር። ፊደል የለየሁት ከዚያ ግድግዳ ነው። ተዘቅዝቆ የተለጠፈውን ገጽ አንገቴን አዘንብዬ አነበው ነበር።

እርሷ ካረፈች በኋላ ቤቱን ቀለም ልንቀባ ተነሣን። ወረቀቱ በቀላሉ ወረደ፤ ሙጫው ግን ቀረ። የደረቀ የዱቄት ሙጫ ብዙውን ጊዜ ለዓይን በቀላሉ አይታይም። አዮዲን ጠብ ቢደረግበት ግን ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። በላዩ የውኃ ቀለም ከተቀባበት እርጥበቱን ጠጥቶ ያብጣል፤ ሲደርቅም ተኮማትሮ ቀለሙን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ስፖንጅ አርሶ፣ እስኪለሰልስ ታግሦ፣ በስፓቱላ መፋቅና በንጹሕ ውኃ ማበስ ያስፈልጋል። ውኃው ከበዛ ደግሞ ጭቃው ራሱ ይሟሟል።

ከመስኮቱ ሥር፣ ከመጀመሪያው ልጥፍ በታች፣ ሙጫው የእናቴን የጣቶች ፈለግ እንደያዘ ደርቆ ነበር፤ አራት መስመር።

«እሱን ተወው» አለችኝ እኅቴ።

«እኅቴ፣ ከተውነው ቀለሙ መጀመሪያ የሚላጠው እዚያ ነው» አላት ቀቢው።

ጥቂት ቆማ አየችው። ከዚያም ስፖንጁን ከእጄ ተቀብላ ራሷ አጠበችው።