ነጭ ዓሣ በቶር ፒኛታራ

የሮም ምሥራቃዊ ሰፈር ቶር ፒኛታራ ስሙን ያገኘው ከማሰሮ ነው። በቪያ ካሲሊና ዳር ያለው የንግሥት እሌኒ መካነ መቃብር ሲሠራ፣ ክብደቱ እንዲቀንስ ጣሪያው ውስጥ የሸክላ ማሰሮ ተከተተ። እሌኒ ያቺው የመስቀሉ እሌኒ፣ የቆስጠንጢኖስ እናት ናት።

እዚያው ሰፈር፣ በአንድ የባንግላዴሽ ሰው ሱቅ፣ አንዲት የባሕር ዳር ተወላጅ ትልቅ ቅርፊታም ዓሣ ከበረዶው ታነሣለች። ነጋዴው «ሩይ» ይለዋል፤ እሷ «ነጭ ዓሣ»። ባዮሎጂ የምታጠናው ልጇ ትስቃለች፦ «እማዬ፣ ነጭ ዓሣ የጣና ነው!»

«ታዲያ ዘመዳሞች አይደሉም?»

ናቸው። ሁለቱም ከካርፕ ቤተሰብ ናቸው። እናትየው አልተሳሳተችም።

እንዲህ ያለውን ዝምድና ለመመርመር ሳይንቲስቶች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከክንፍ በተቆረጠች ትንሽ ሥጋ ነው። በሴል ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ሚቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ በዓሣ 16,500 ያህል ፊደላትና 37 ጂኖች። የሚወረሰው ከእናት ነው። አጭር ስለሆነ ለማንበብ ይመቻል፤ የአባትን ወገን ግን አይናገርም።

የጣናው ነጭ ዓሣ፣ በሳይንስ ስሙ ላቢዮባርበስ፣ ይህን ንባብ አስቸግሯል። ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ በርካታ ዝርያዎችን ሰየመ። በወረራው ዘመን ወደ ጣና የሄደው የጣልያን የጥናት ቡድን ያመጣውን ቢኒ መርምሮ፣ በ1940 እዚሁ ሮም ከዝርያም አልፎ ንዑስ ዝርያ እየከፋፈለ አሳተመ። በ1973 እንግሊዛዊው ባኒስተር ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ ዝርያ አደረገው። በ1990ዎቹ ናገልከርኬና ሲቢንግ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ሠርተው፣ በአፍና በራስ ቅርጽ፣ በአመጋገብም ለይተው 15 አሉ። ከእነዚህ ስምንቱ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው ሌላ ዓሣ ያድናሉ፤ በዚህ ቤተሰብ ብርቅ ነው።

የእናት ወገን ዲኤንኤ ሲነበብ ግን ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሐይቁ በበረዶ ዘመን መገባደጃ ደርቆ እንደ ገና የሞላ ስለሆነ፣ ለመለያየት ያገኙት ጊዜ አጭር ነው። ፊደሉን ብቻ ያየ «አንድ ናቸው» ቢል አይፈረድበትም። ገበያውም እንደዚያው ነው የሚለው።

ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ይወጣሉ፤ መረብ ደግሞ በወንዙ አፍ ይጠብቃቸዋል። አንደኛው ዝርያ ከቅርጫቱ ቢጠፋ ቅርጫቱ በሌላው ይሞላል፤ ስማቸው አንድ ስለሆነ ማንም አይጠይቅ።

ነጋዴው ቢላዋውን አንሥቶ ራሱን ሊቆርጥ ሲል ልጅቷ እጇን ዘረጋች።

«ይቆዩ፤ አፉን ልየው።»