የላሟ ደሴት ራግቢ

የጀርሲ ላም ለእኛ እንግዳ አይደለችም። በ1986 ከዴንማርክ የተገዙ ጊደሮች ከአዲስ አበባ ብዙም በማይርቀው የአዳበርጋ የመንግሥት እርሻ ከገቡ ወዲህ ብዙ ሰው ለምዷታል (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ቁመቷ አጠር፣ መልኳ ዳማ፣ ዓይኗ ጎላ ያለ ነው። በወተት ብዛት ጥቁርና ነጯ ሆልስታይን ትበልጣታለች፤ ወተቱ ሲናጥ ግን ጀርሲን የሚያህል የለም። ቅቤ የሚያነጥር ሰው ደግሞ ላም የሚመዝነው በባልዲው ሳይሆን በቅቤው ነው።

ላሟን ያወቀ ሁሉ ግን አገሯን አያውቅም። ጀርሲ 118 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የምትሰፋ፣ 103 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ደሴት ናት። ከአዲስ አበባ አንድ ክፍለ ከተማ ያነሰ ሰው ማለት ነው። ንጉሧ የእንግሊዝ ንጉሥ ነው፤ እሷ ግን የዩናይትድ ኪንግደም አካል አይደለችም። ከእንግሊዝ ይልቅ ለፈረንሳይ ትቀርባለች፤ የኖርማንዲ ዳርቻ ከ22 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። የራሷ ምክር ቤትና የራሷ የብር ኖት አላት፤ እንግሊዝ በሳንቲም የተካችው አንድ ፓውንድ እዚያ ዛሬም ወረቀት ነው። ባሕሩም ጠባየ ብዙ ነው። ሲሞላና ሲጎድል በውኃው ከፍታ መካከል 12 ሜትር ያህል ልዩነት አለ፤ ጠዋት ዓሣ የዋኘበት ከሰዓት በኋላ ሰው በእግሩ ይሄድበታል።

ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት ስለ ራግቢ ክለቧ ነበር። ላሟ ገመዷን እየበጠሰች ወሬው ውስጥ ትገባለችና ታገሱኝ።

ራግቢ ለማያውቅ በአጭሩ ይህን ይመስላል። በየወገኑ 15 ሰው ይሰለፋል፤ ኳሱ ሞላላ ነው። በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው፤ ከጎን ወይም ከኋላ ላለው ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ 15ቱም ወደ ፊት እየሮጡ ኳሷ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ኳሷን ከተቃራኒው የመጨረሻ መስመር አሻግሮ መሬት ያስነካ አምስት ነጥብ ያገኛል። ከሩቅ ላየው ጠብ ይመስላል፤ ዳኛው ሲናገር ግን ያ ሁሉ ግዙፍ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። እግር ኳሳችን ከራግቢ አንድ ነገር ይዋስ ብባል ይህንኑ እመርጥ ነበር።

የጀርሲ ራግቢ ክለብ የተመሠረተው በ1879 ነው። በዚያው ሰሞን፣ 1880 ገደማ፣ በደሴቷ ሌላም ነገር በቅሏል። ሂዩ ዴ ላ ሄይ የሚባል ገበሬ ሁለት ትልልቅ ድንቾች ገዝቶ ለወዳጆቹ ያሳያል። አንደኛው ድንች 15 ዓይን ነበረው። ቆራርጠው ከሸለቆ በላይ ባለ ቀጥ ያለ ተዳፋት ላይ ተከሉት። ከበቀሉት አንዱ ቆዳው እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ኩላሊት መሳይ ድንች አፈራ። ዛሬ ጀርሲ ሮያል ተብሎ በእንግሊዝ ገበያ በየጸደዩ የሚጠበቀው እሱ ነው። ገበሬው ተዳፋቱን ከባሕር በሚሰበስበው ሣር ሲያዳብር ኖሯል። ዓይኑ 15፣ ቅርጹ ሞላላ፤ ራግቢ ለመሆን የቀረው እግር ብቻ ነበር።

ክለቡ መቶ ዓመት ያህል ትልቁ ጉዳዩ ጎረቤት ነበር። ከገርንዚ ደሴት ጋር ከ1920 ጀምሮ ለሲያም ዋንጫ ይጋጠማሉ፤ ዋንጫው ከሲያም፣ ማለትም ከዛሬዋ ታይላንድ፣ የብር ሳንቲሞች የተሠራ ነው። ከራግቢ ዋንጫዎች በዕድሜ አንጋፋ ከሚባሉት አንዱ በመሆኑ ዋናው በለንደኑ ትዊክንሃም ሙዚየም ተቀምጦ ደሴተኞቹ የሚጫወቱት ለቅጂው ነው። ጎረቤትን ካሸነፉ ዓመቱ ተሳካ ማለት ነበር።

ከዚያ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ መሰላሉን ተያያዙት። በ2010 በእንግሊዝ አምስተኛ እርከን ያለውን ሊግ አሸንፈው አደጉ። በ2011 አራተኛውን፣ በ2012 ሦስተኛውን። በሦስት ዓመት ሦስት ዋንጫ ወስደው ያን ጊዜ ቻምፒዮንሺፕ ይባል በነበረው ሁለተኛ ሊግ ደረሱ። ከላይ የቀረው ፕሪሚየርሺፑ ብቻ ነበር።

እዚያ ከፍታ ላይ በደሴት ልጅ ብቻ አይቆምም። ተጫዋቾች ከእንግሊዝም፣ ከደቡብ አፍሪካም፣ ከሌላም አገር እየፈረሙ መጡ። ራግቢ የትርፍ ጊዜ መሆኑ ቀርቶ የወር ደመወዝ ሆነ። የክለቡ ሜዳ ሴንት ፒተር በሚባለው ደብር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነው፤ ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም ያሰኛል፤ ከሜዳ ውጪ የሚደረግ ጨዋታ ሁሉ ባሕር መሻገር ነውና። ሌላው ክለብ በአውቶቡስ የሚጨርሰውን እነሱ በትኬት ይገዙታል፤ ጭጋግ ደሴቷን የሸፈነ ቀን ደግሞ ሁሉም ሰማይ ሰማይ ያያል። በዚህ መሐል ለገርንዚው ጨዋታ፣ ለአያት ቅድመ አያቱ ዋንጫ፣ የሚሰለፉት ደመወዝተኞቹ ሳይሆኑ አማተሮቹ ሆኑ። ክለቡ ለሁለት የተከፈለው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ አንዱ ለሊጉ፣ ሌላው ለጎረቤት።

በ2016 ስማቸውን ጀርሲ ሬድስ አሉት። በ2023 በደቡብ አፍሪካዊው ሃርቪ ቢልየን አሠልጣኝነት ሀብታሙን የለንደን ክለብ ኢሊንግን ቀድመው የቻምፒዮንሺፑ አሸናፊ ሆኑ። 103 ሺህ ሰው ያላት ደሴት በእንግሊዝ ሁለተኛ ሊግ አንደኛ ወጣች።

ታዲያ አደጉ? አላደጉም። ያን ጊዜ ፕሪሚየርሺፕ ለመግባት 10,001 ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ያስፈልግ ነበር። ጀርሲ ያንን ልሙላ ብትል ከጨቅላ እስከ አዛውንት ከአሥር ነዋሪ አንዱ በየጨዋታው መገኘት ነበረበት። ከአሥሩ ሺህ በላይ ያለችው አንዷ ወንበር ለማን እንደታሰበች ደግሞ ደንቡን ያወጣው ያውቃል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኢሊንግም ዋንጫውን አንሥቶ በዚሁ በር ላይ ቀርቶ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያለው ሰው ይህንን ሊግ ያየ ይመስላል።

ገንዘቡም እየሳሳ ነበር። የእንግሊዝ ራግቢ ፌዴሬሽን በ2020 ለቻምፒዮንሺፕ ክለቦች የሚሰጠውን ድጎማ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አስታውቋል። ሊጉ ነገ ምን መልክ እንደሚኖረው አልታወቅ ሲል በኪሳቸው ይደግፉ የነበሩ ባለሀብቶችም እጃቸውን ሰበሰቡ። በ2023 ሴፕቴምበር ጀርሲ ሬድስ ትልቁን የፕሪሚየርሺፕ ክለብ ባዝን በዋንጫ ጨዋታ አሸነፈ፤ ደሴቷ ጨፈረች። በዚያው ወር በ28ኛው ቀን የሴፕቴምበርን ደመወዝ መክፈል እንደማይችል ተናግሮ ተዘጋ። ሻምፒዮኑ ዋንጫውን ከወሰደ ዓመት ሳይሞላው ማለት ነው።

የትንሽ ደሴት ዕብሪት ነው እንዳንል፣ ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ ዉስተር፣ ዋስፕስና ለንደን አይሪሽ የሚባሉ ሦስት የፕሪሚየርሺፕ ክለቦች በገንዘብ እጦት ወድቀዋል። በሽታው የሊጉ ነው። ጀርሲን የሚለያት ሌሎቹ ሲወድቁ አጠገባቸው ሌላ ክለብ ሲኖር፣ እሷ ስትወድቅ ቀጣዩ ክለብ ከባሕር ማዶ መሆኑ ነው።

ይኸው ላሟ ገመዷን በጠሰች። ደሴቷ በ1789 የውጭ ከብት እንዳይገባ በሕግ ከለከለች፤ ዘሯንም ጠብቃ አሳድጋ አዳበርጋ ድረስ የደረሰች ላም ለዓለም ሰጠች። ድንቹን ግን አልከለከለችም። ከገበያ ገዝታ በራሷ ተዳፋት ተከለችው፤ በራሷ ባሕር ሣር አዳበረችው፤ የራሷም አደረገችው። ላሟ ታጠረች፣ ድንቹ ተተከለ። ራግቢው ግን በአብዛኛው ተከራየ። ደመወዙ ሲቆም ለተጫዋቹ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገቡ ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዳ ተጫዋች አይምጣ እያልኩ አይደለም። ያ ሁሉ ሰው ባይመጣ የደሴቷ ልጅ የዚያን ደረጃ ራግቢ በገዛ ሜዳው አያይም ነበር። ከብት እንደሚታጠር ክለብ አይታጠርም። ነገር ግን የገዛነውን ድንች ሁሉ ቀቅለን ከበላነው ለከርሞ የሚተከል አይኖርም።

የወደቀው ደመወዝ ከፋዩ ድርጅት እንጂ የ1879ኙ ክለብ አይደለም። ልጆቹ መጫወታቸውን ቀጥለዋል፤ አማተሮቹም ከታችኛው ሊግ እንደገና ጀምረዋል። እናንተም የከተማችሁ ክለብ በአንድ ዓመት ሲመነጠቅ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፣ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ሲያበቃ ግን ደመወዙን ማን እንደሚከፍል ጠይቁ፤ ከተሰለፉትም ስንቱ የሠፈሩ ልጅ እንደሆነ ቁጠሩ።