የድባጤ ውኃና የጄኔቭ ውል

ከቻግኒ ተነሥታችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ ብትጓዙ፥ አየሩ እየሞቀ ሄዶ በመተከል ምድር ከድባጤ ትደርሳላችሁ። ከወረዳው በስተደቡብ ዓባይ ይፈሳል። ጉሙዙ፥ ሺናሻው፥ አገው፥ አማራውና ኦሮሞው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ ሰውና ከብት ከአንድ ወንዝ የሚጠጡበትም መንደር ጥቂት አይደለም።

የቆላው የጥንት ጠላት ወባ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ትንኙ ይራባል፤ ብርቱው ገበሬ በመኸር ሰሞን አልጋ ላይ ይውላል። አጎበሩና ኪኒኑ፥ የጤና ሠራተኛውም ድካም ይህንኑ ለመከላከል ነው። እንግዲህ በሽታን ለማጥፋት ይህን ያህል ከተደከመ፥ በሽታን እንደ ዘር የሚበትን ጠላት ቢመጣስ ምን ይባላል?

ነገሩ ተረት አይደለም። በ1933 ዓ.ም. የጃፓን ጦር ኒንግቦ በምትባል የቻይና ከተማ ላይ የቸነፈር ተውሳክ የያዙ ቁንጫዎችን ከአውሮፕላን በትኖ ሰላማዊ ሰዎችን ፈጅቷል።

ለእኛም ሩቅ አልነበረም። በየካቲት 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒና የጦር አዛዡ ባዶሊዮ በኢትዮጵያ ላይ የበሽታ ተውሳክ ስለ መጠቀም በቴሌግራም ተነጋግረው ነበር። ባዶሊዮ ተቃወመ፤ ሙሶሊኒም ተስማማ፤ ሐሳቡም ቀረ። የቀረው ግን ስለ ርኅራኄ እንዳይመስላችሁ፤ ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ ይወርድ የነበረው የመርዝ ጢስ ከዚያም በኋላ አላቆመምና። መርዙን በመጀመሪያ ከቀመሱት አንዱ በተከዜ አጠገብ የነበረው የራስ እምሩ የጎጃም ጦር ነው፤ መተከልም ለብዙ ዘመን ከጎጃም ጋር ይቆጠር ነበር። መርዙ የወታደሩን ገላ አቃጠለ፤ ወንዙንም በከለ፤ ከጦርነቱ ውስጥ ያልነበረ ባላገርም ከዚያው ውኃ ጠጣ።

ሰኔ 10 ቀን 1917 ዓ.ም. በጄኔቭ የተፈረመው ውል ግን የመርዝ ጢስንም የበሽታ ተውሳክንም በአንድነት ከልክሎ ነበር፤ ኢጣልያም በ1920 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ድርጊቱን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም.፥ ይኸውም ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ተውሳክን ለጦር መሣሪያነት መሥራትንና ማከማቸትን የሚከለክለው ውል በ1964 ዓ.ም. ለፊርማ ቀርቦ በ1967 ዓ.ም. ጸና።

ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አንባቢዎቼ፤ ውል የሚጠብቀው ሰው ካላገኘ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ነገ የጤና ጣቢያው፥ የውኃ ጽሕፈት ቤቱ፥ የፍርድ ቤቱም መዝገብ በእጃችሁ ይገባል። ያን ጊዜ የድባጤ የአንዲት ምንጭ ደኅንነት የመንደር ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንዳይታያችሁ፤ ጠላት ሰውን ሊፈጅ ሲነሣ ውኃውንም እንደማይምር ተከዜ አሳይቶናልና።