የዋንጫ ደስታ በክርስቲያን ቤት

አንድ ክርስቲያን የሚወደው ቡድን ዋንጫ ባነሣ ጊዜ ደስ ሊለው ይገባልን? ቢገባስ የደስታው ወሰን እስከ ምን ድረስ ነው? ይህን ጥያቄ የማነሣው የእግር ኳስን ጨዋታ ከሚንቁት ወገን ሆኜ አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ማኅበር ደጋፊ ነኝ፤ ማኅበራችን ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ርቆት የነበረውን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ በ2014 ዓ.ም. መልሶ ሲያገኝ እልል ካሉት ሰዎች አንዱ ነበርሁ።

በዚያ ዓመት ውድድሩ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወረ ይካሄድ ስለ ነበር፥ በአዲስ አበባ የምንኖር ደጋፊዎች ጨዋታውን የተከታተልነው በቴሌቪዥን ነው። ስለዚህ ቀድሞ በስታዲየም ይቀር የነበረው ጩኸት ወደየቤታችን ገባ። አባት ከመቀመጫው ሲዘል ልጅ ያያል፤ አባት ዳኛውን ሲረግም ልጅ ይሰማል። ልጆቻችን ደስታንና ቍጣን እንዴት እንደሚይዙ ከማንም አስቀድሞ የሚማሩት ከእኛ ነውና፥ ነገሩ እንደ ቀላል ጨዋታ የሚታለፍ አይደለም።

ማኅበራችንን መውደዳችን መሠረት አለው። የተቋቋመው ጠላት አገራችንን በወረረበት በ1928 ዓ.ም. ነው። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲደረግ፥ ከኢጣሊያኖች፥ ከአርመኖች፥ ከግሪኮችና ከእንግሊዝ ወታደሮች ቡድኖች ጋር ተወዳደረ፤ ድሉ ግን የእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን ሆነ። ለዚህ ማኅበር ሃያ ሦስት ዓመት የተጫወቱት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው በ1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን ድረስ አገልግለዋል። በዚያ ዘመን ያጨበጨቡ አባቶቻችን ከኳሱ ይልቅ ተዋርዶ የነበረ ሕዝብ ቀና ማለቱን አይተው ነበር። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም የክርስቲያንን ተጋድሎ ለማስረዳት የሯጩን ሩጫና አክሊል ምሳሌ ሲያደርግ አላፈረም፤ ነገር ግን የሚጠፋውን አክሊል ከማይጠፋው ለይቶ አሳይቶናል።

በእኛ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀን ስሙ ነው። በዋንጫው ማግሥት አማቴ ልጆቼን ጠርተው፥ «በወር አንድ ቀን፥ በሃያ ሦስት፥ የምትጠሩትን ስም ትናንት መቶ ጊዜ ስትጠሩት ሰማሁ። መጥራታችሁ መልካም ነው፤ ግን በዚያው አፍ የጎረቤትን ልጅ አትስደቡበት» አሏቸው። ንግግራቸው አጭር ነበር፤ እኔን ግን ብዙ አሳሰበኝ። ግብ ጠባቂውም አጥቂውም ወደ ሜዳ ሲገቡ ያማትባሉ። ሰማዕቱ የሁለቱንም ጸሎት ይሰማል እንጂ በዘጠና ደቂቃ ጨዋታ ወገን ለይቶ አይቆምም። ደግሞም የእርሱ ድል ሌላውን በመጣል የተገኘ አልነበረም፤ ሰባት ዓመት መከራን ታግሦ አክሊል ተቀበለ። በስሙ የምንጠራ ደጋፊዎች ሽንፈትን በትዕግሥት፥ ድልንም በትሕትና መሸከም ካልቻልን፥ ከስሙ የያዝነው ድምፁን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ጾም ነው። የሊጉ ፍጻሜ ብዙ ጊዜ በሰኔና በሐምሌ ስለሚውል ከጾመ ሐዋርያት ጋር ይገናኛል። ወዳጅ ዘመድ «ዛሬማ ይታለፍ» እያለ ወደ ሥጋ ቤትና ወደ መጠጥ ቤት ሲጠራ፥ እንቢ ማለት ለወጣት ቀላል አይደለም። ባለቤቴ በእንዲህ ያለ ቀን ዳቦ ትደፋለች፤ ቆሎ ትቆላለች፤ ሽሮውንም ከወትሮው አሣምራ ትሠራለች፤ ቡናው ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል። ልጆቹ ሲስቁ፥ ሽማግሌዎቹ የድሮ ተጫዋቾችን ሲያነሡ፥ ያጣነው ነገር እንዳለ ማንም ትዝ አይለውም።

ሦስተኛው፥ ከሁሉም የሚከብደው፥ የተሸነፈው ወንድም ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነው። ቡድኑ በ2003 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሲሆን፥ በደስታ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኾ ሲያበቃ ወደ እኔ መጥቶ፥ «ጋሼ፥ የሚመጣው ዓመት የእናንተ ይሁን» አለኝ። አንዲት የሽሙጥ ቃል አልጨመረም። ቡናማዎቹን በሜዳ ላይ እንድንረታቸው ምን ጊዜም እመኛለሁ፤ እርሱን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በሽንፈቱ ላሳዝነው አልቻልሁም።

ይህ የቤት ጨዋነት በአገር ደረጃ ሲጎድል ምን እንደሚያስከትል አይተናል። በ2011 ዓ.ም. በደጋፊዎች መካከል በተነሣ ጠብ ጨዋታዎች እስከ መስተጓጎል ደርሰው ነበር። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን የነበረው መቐለ 70 እንደርታም እኛ በ2014 ዓ.ም. ስንዘፍን በጦርነቱ ምክንያት ከውድድሩ ውጭ ነበር፤ ወደ ሊጉ የተመለሰው በ2017 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የእኛን ዋንጫ ዜና የሚሰማ የመቐለ ልጅ ስለራሱ ቡድን ምን ያስብ ይሆን እያልሁ ለብቻዬ አስብ ነበር። ተወዳዳሪ በሌለበት ዋንጫ የለም፤ ከፊታችን የሚቆመውን ባላጋራ ልንጸልይለት የሚገባ ወንድማችን የሚያደርገው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ በቡድናቸው ድል ደስ ሲላቸው አትከልክሏቸው። ነገር ግን ዳቦው በተቈረሰ ጊዜ የመጀመሪያውን ቁራሽ ቡድኑ ለተሸነፈበት ጎረቤት ልካችሁ አስለምዷቸው። ዋንጫው በ2015 ዓ.ም. ከእኛ ጋር ሰነበተ፤ በ2016 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ መድን ተሻገረ። ጎረቤታችን ግን በሁሉም ዓመት ከአጥሩ ወዲያ ነበር፤ እሳት የምንጫጫረውም፥ ለቅሶ የምንደራረሰውም ከእርሱ ጋር ነው።